«ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው» ለተባለችው ነርስ

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዋርድ ውስጥ ነርስ ነኝ። 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ሙያዬን እወደዋለሁ፤ መሥሪያ ቤቱን ግን ከጠላሁት ቆየሁ። ባለፈው ወር ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ሌሊት ገብተን፣ ለሁለት 34 ሕመምተኛ ይዘን አደርን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ኦክስጅን አለቀብን። ጥበቃውን ቀስቅሼ፣ ከኢመርጀንሲ ሲሊንደር እያንከባለልን አመጣን። ጠዋት ርክክብ ሳንጨርስ ሥራ አስኪያጁ እንግዶች አስከትሎ ገባ። አንድ አልጋ ሥር የአስታማሚ ሳህንና ፌስታል አየ። «አንቺ! እዚህ ተጎልተሽ ደመወዝ ትበያለሽ?» ብሎ በሕመምተኛው፣ በአስታማሚውና በተማሪዎቹ ፊት ጮኸብኝ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ምንም አልመለስኩለትም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ይህ አንዱ ነው። የተረኛ ፕሮግራማችን ማታ ማታ በቴሌግራም ይቀየራል። የዓመት ፈቃድ ስጠይቅ «ሰው የለም» ይሉኛል። የዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያ ለወራት ይዘገያል። ስብሰባ ላይ ባነሳው «ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው» ተባልኩ። የነርሶች ኃላፊ የሆነችው ማትሮናችን ራሷ ነርስ ሆና ሳለ ትንፍሽ አላለችም። ባለቤቴ «ልጆች አሉን፣ ዝም በይ» ይላል። ጓደኞቼ ለዓረብ አገር ፈተና እያጠኑ ነው። በቀደም ደግሞ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የጽዳት ሠራተኛችን ላይ ጮህኩባት። ልልቀቅ ወይስ ዝም ልበል?

ሲ. ነኝ፣ ከአንድ የክልል ከተማ

ምላሽ

ውድ እህቴ፣

ሁለት መንገድ አስቀምጠሽ ምረጪልኝ ብለሻል። ለጊዜው ሁለቱንም ተያቸው። ዝምታውን 9 ዓመት ሞክረሽዋል፤ የፈየደልሽ ነገር የለም። መልቀቁ ደግሞ የትም አይሄድም፤ ከሦስት ወር በኋላም እዚያው ነው። በመሃል መሞከር ያለበት ነገር አለ።

መጀመሪያ ስለዚያች ጠዋት እናውራ። ሲሊንደር ስታንከባልሉ ያየ አለቃ የለም። የታየው ፌስታሉ ነው። ሰውዬው እንግዳ ባይዝ ኖሮ ያን ያህል ይጮህ ነበር? አይመስለኝም። እንግዳ ፊት ሲሆንበት ደነገጠና ያገኘውን ሰው ያዘ። ይህ ለምን እንደጮኸ ይነግረን ይሆናል እንጂ ጥፋቱን አያቃልለውም።

አንቺን ያንገበገበሽ መዋረድሽ ነው፤ እውነትሽን ነው። እኔን ደግሞ አልጋ ላይ ሆነው ሲሰሙ የነበሩት አሳሰቡኝ። እናቴን ሳስታምም ያየሁት አንድ ነገር አለ። በራውንድ ሰዓት አንድ ሐኪም ነርሷን «ይህንንም አታውቂም?» ብሎ ገላመጣት። ከሰዓት በኋላ እሷው መርፌ ይዛ ስትመጣ፣ ከጎናችን ካለው አልጋ ያለችው አስታማሚ እጇን ዘርግታ ከለከለቻት። «ዶክተሩ ካልመጣ አይሆንም» አለች። ነርሷ ቻርቱን ገልጣ አሳየቻት፣ የመድኃኒቱን ስም አነበበችላት፣ ለመነቻት። ወይ ፍንክች! ሐኪሙ ደግሞ ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር። መድኃኒቱ የተሰጠው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። ያቺ አስታማሚ ክፉ ሴት አልነበረችም። ጠዋት የሰማችውን አምና ነው። ነርስን በሕመምተኛ ፊት ያዋረደ ሰው ዕዳውን የሚያስከፍለው ሕመምተኛውን ነው። ይህን ነገር ያዢልኝ። ከአለቃሽ ጋር ስትቀመጪ ትልቁ ጉልበትሽ እሱ ነው።

«ክብር ይሰጠን» የሚለውን ጥያቄ ግን ለጊዜው ኪስሽ ውስጥ ክተቺው። ጥያቄው ልክ ስላልሆነ አይደለም። ለማምለጥ ስለሚመች ነው። «ተንቀናል» ስትይው «ማን ናቃችሁ? እኛ እኮ ነርሶቻችንን እናከብራለን» ብሎ ለግንቦቱ የነርሶች ቀን ኬክ ያስቆርስልሻል። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። በደብዳቤሽ የጻፍሽልኝን ተመልሰሽ እይው። ማታ የሚቀየረው ፕሮግራም፣ የሚዘገየው ክፍያ፣ ሌሊት የሚያልቀው ኦክስጅን፣ እነዚህ ሁሉ ቀን አላቸው፣ ሰዓት አላቸው፣ የሚመለከተው ክፍል አላቸው። መናቅሽ በእነዚህ በኩል ነው የሚመጣው። እዚያው ያዢው።

ጩኸቱን በተመለከተ ወረቀት አልመክርሽም። ፊት ለፊት የሚነገር ነገር ነው። ኮሪደር ላይ አታቁሚው። በጸሐፊዋ በኩል ቀጠሮ አስይዢ፣ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት አለቃ ሁሉ ይቸኩላል። የዋርዱን ኃላፊ ይዘሽ ግቢ። እሱ አንቺ ቢልሽም አንቺ እርስዎ በይው። ከዚያ መጀመሪያ የፌስታሉን ነገር እመኚለት። እንዲህ ብትዪ ምን ይመስልሻል?

«ያን ዕለት ዕቃው ከአልጋ ሥር መነሳት ነበረበት፤ ልክ ነዎት። አንድ ነገር ግን ልለምንዎት። ጥፋት ሲያዩብኝ ቢሮ ይጥሩኝና የፈለጉትን ይቆጡኝ። በሕመምተኛው ፊት ሲቆጡኝ ግን ነገ መድኃኒት ከእጄ አይቀበልም።»

እዚያ ላይ አቁሚ። የሌሊቱን ታሪክ አትጨምሪ፣ የኦክስጅኑን አታንሺ፣ ዕድሜውን በጭራሽ። እንባሽ ቢመጣ ይምጣ፤ ጠርገሽ ጨርሺ። ይቅርታ ይለኛል ብለሽ ግን አትጠብቂ። ምናልባት «እሺ፣ ሥራሽን ሥሪ» ይልሻል። እኛ አገር አለቃ እንዲህ ካለ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው። ቀኑን ማስታወሻሽ ላይ ጻፊው። ሁለተኛ ከደገመው ያኔ ወደ ወረቀት እንሄዳለን።

የሚከራከርሽ ከሆነ ደግሞ ግድግዳውን አሳዪው። አልቀልድም። ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. የጀመረው የዘርፉ የለውጥ ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። እናንተ ሲአርሲ የምትሉት፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ማለቴ ነው። ሥልጠናውን የወሰድሽ ይመስለኛል። ሕመምተኛውን በስሙ ጥሪው፣ ራስሽን አስተዋውቂ፣ መጋረጃውን ሳትዘጊ አትግለጪው ተብለሽ ተምረሻል። ለነርሷ ደግሞ ማን ይጋርድላት የሚለው ጥያቄ በዚያ ሥልጠና ላይ እምብዛም አይነሳም። አለቃሽ ግን በየስብሰባው ያንን አጀንዳ ስለሚጠራው በራሱ ቋንቋ ብታናግሪው ለመመለስ ይከብደዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከሁሉም በፊት ፕሮግራሙን እመርጥልሻለሁ፤ ገንዘብ ስለማይጠይቅ «በጀት የለም» የሚባልበት አይደለም። የወሩ ፕሮግራም ወሩ ከመግባቱ በፊት ተፈርሞ ይለጠፍ፣ ለውጥ ካለ ተለዋዋጮቹ ተስማምተው ይፈርሙ፣ ድንገተኛ ከሆነ ተደውሎ ይነገር። በቃ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። «ሞራላችን ተነክቷል» የሚል ዓረፍተ ነገር አይግባበት። «በዚህ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት በቴሌግራም ተቀይሮ በማግሥቱ ጠዋት አንድ ነርስ ሳትመጣ ቀርታለች» የሚል ይግባበት። ሦስት እንዲህ ያለ ምሳሌ ከበቂ በላይ ነው።

ለማን እንደምትሰጪው ደግሞ ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለአለቃ በእጅ የተሰጠ ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ ያድራል፣ ከዚያ «የትኛው ወረቀት?» ይመጣል። መዝገብ ቤት ወስደሽ ገቢ አስደርጊው። ቁጥርና ቀን ይጻፍበት። ኮፒሽ ላይ አስፈርሚና ቤት አስቀምጪው። ግልባጭ ለማትሮኗና ለሰው ሀብት ክፍል ስጪ። መልስ ካልመጣ ቀጣዩ በር ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ነው፤ እዚያ ስትሄጂ መጀመሪያ የምትጠየቂው ያንን ቁጥር ነው። መዝገብ ቤቷን ልጅ እንደምን አደርሽ ማለትም አይከፋም፤ የሆስፒታሉ ግማሽ ነገር እሷ ጋ ነው ያለው።

የኦክስጅኑን ነገር ለብቻው አድርጊው። ሌላ ነገር ውስጥ ከከተትሽው ይሰምጣል። ያ ሌሊት በርክክብ መዝገቡ ላይ ሰፍሯል? ካልሰፈረ ከዛሬ ጀምሮ አስፍሪ። ስንት ሕመምተኛ፣ ስንት ነርስ፣ ምን አለቀ፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን ተደወለ። ስድብ የለ፣ አስተያየት የለ። አንድ ነገር ቢፈጠር፣ አያምጣውና፣ መጀመሪያ ጣት የሚቀሰርባት ሌሊት የነበረችው ነርስ ናት። ያቺ አንዲት መስመር ያኔ ትጠብቅሻለች። የሕመምተኛ ቻርት ግን በስልክሽ ፎቶ እንዳታነሺ። ቲክቶክ ላይም አትውጪ። ልብሽ ሊያርፍ ይችላል፣ የሙያ ፈቃድሽ ግን አደጋ ላይ ይወድቃል። የአልጋ ላይ ሰው ምስጢር ደግሞ የአንቺ አይደለም።

ስለ ማትሮኗ ትንሽ ልከራከርሽ። እንደተቀየምሻት ያስታውቃል። እሷ ግን ከላይ ሥራ አስኪያጁ «ለምን ነርስ ጎደለ?» ይላታል፣ ከታች እናንተ ታጉረመርማላችሁ፣ ሰው የመቅጠር ሥልጣን የላትም። ስብሰባ ላይ ዝም ማለቷን አልደግፍም። በስብሰባ ላይ ድንገት የተነሳ ነገር ግን ለእሷም ድንገተኛ ነው። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ከማስገባትሽ በፊት ቢሮዋ ግቢና «ሲስተር፣ ይህን ላስገባ ነው፣ ቀድመሽ እንድታዪው ብዬ ነው» በያት። የምትጨምረው ነገር ይኖራት ይሆናል። ምናልባት እሷም ይህን የሚጽፍላት ሰው ስትጠብቅ ነበር። ካልሆነም ከኋላዬ ዞረው ሄዱ አትልሽም።

ብቻሽን ደግሞ አትፈርሚ። አራት አምስት ሰው በቂ ነው፣ ከመካከላቸው አንድ ሁለቱ ነባር ይሁኑ። ወንድ ነርስም ይኑርበት፤ «የሴቶች ወሬ» የምትለዋን ነገር ከወዲሁ ትዘጋልሻለች። መደራጀት ጥፋት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችን ጭምር የመደራጀት መብት ካላቸው ውስጥ ይቆጥራል። የኢትዮጵያ ነርሶች ማኅበርም አለ። አባል ካልሆንሽ ሁኚ፤ ቢያንስ የሚያማክርሽ የሙያ ሰው ታገኛለሽ።

ሥራ ማቆም የሚለው ሐሳብ በዋርዳችሁ ሳይነሳ አልቀረም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ፣ ብዙዎችም ሲታሰሩ አይተናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ለአንቺ ጉዳይ ግን መፍትሔው እሱ አይደለም። አንድ ሥራ አስኪያጅንና አንድ የተረኛ ፕሮግራምን ለማስተካከል የልጆችሽን እንጀራ አታስይዢ።

ከግል ሆስፒታል የሚጽፉልኝ ነርሶችም ስላሉ እግረ መንገዴን ለእነሱ ትንሽ ልበል። እናንተን የሚመለከታችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አያልፍም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቀን ላይ የሰዓቱ ደመወዝ በ1.5 ተባዝቶ ነው፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ፔይሮላችሁን አውጡና አስሉት። ሥራ ማቆምን በተመለከተ ግን አዋጁ ሆስፒታልን ከማይፈቀድባቸው አገልግሎቶች ውስጥ እንደሚያስገባ እወቁ። አንቺ እህቴ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ፤ የሚገዛሽ የክልልሽ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነውና ከሰው ሀብት ክፍል ኮፒውን ጠይቂ። የፈቃዱን አንቀጽ አንብበሽ ስትጠይቂ «ሰው የለም» የሚለው መልስ ቶሎ አይወጣም። ፈቃድሽንም በቃል አትጠይቂ። በጽሑፍ ጠይቂ፣ እምቢታውንም በጽሑፍ ተቀበይ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ነርስን መናቅ የአንድ ሰውዬ ዓመል ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቤት ውስጥም «ለምን ዶክተር አልሆንሽም?» የሚል አክስት አይጠፋም። «መርፌ ወጊ» ይሉሻል። የሚገርመኝ እኮ፣ የጃንሆይ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት እንግሊዝ አገር ሳሉ ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተምረው ነርስ የሆኑ ሰው ናቸው። አገር ነጻ ወጥቶ ከተመለሱ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው አረፉ፤ አዲስ አበባ ላይ በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ። ቤተ መንግሥት ያላፈረበት ሙያ ነው። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ንገሪው ማለቴ ግን አይደለም፤ ለአክስትሽ ይበቃል።

አሁን በአንድ መስመር አልፈሽው ወደ ሄድሽው ነገር ልመለስ። የጽዳት ሠራተኛዋ። «ምን እንደነካኝ እንጃ» ብለሻል። እኔ የገመትኩት አለኝ፤ ወደ ላይ መመለስ ያልቻልሽውን ወደ ታች ወረወርሽው። አልፈርድብሽም፣ ሌሊት ያደረ ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል። ነገር ግን ያ ፌስታል በነጋታው ማን ነው ያነሳው? እሷ ናት። በማን ፊት ነው የጮህሽባት? በዚያው ዋርድ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት ከሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብተሽ «በሰው ፊት አይቆጡኝ» ስትዪ ድምፅሽ ይሰበራል። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት እሷን አግኚ። ጓሮ ጠርተሽ በሹክሹክታ አይሆንም፤ በተጮኸበት ቦታ ነው ይቅርታው። «ያን ዕለት ጮህኩብሽ፣ ልክ አልነበርኩም» ካልሽ ይበቃል። ብዙ አታብራሪላት፤ ብዙ ስታብራሪ ምክንያት መደርደር ይመስላል። በነገራችን ላይ አስታማሚዎች ዕቃ የሚያስቀምጡበት ቦታ ስለሌላቸው እንደሆነ አልጋ ሥር የሚከቱት፣ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። መደርደሪያ ቢሠራ የት ቢሆን ይሻላል ብለሽ ጠይቂያት። በሚቀጥለው ስብሰባ የእሷን ሐሳብ በስሟ አንሺው።

ስለ መልቀቅ። ከሦስት ወር በኋላ ፕሮግራሙ እንደ ድሮው ማታ የሚቀየር ከሆነ፣ ደብዳቤሽ መልስ ካላገኘ፣ ሰውዬው ዳግመኛ በሕመምተኛ ፊት ከጮኸብሽ፣ ልቀቂ። ያኔ ጥፋተኝነት አይሰማሽ። ለሕመምተኛ ታማኝ መሆን ለአንድ ሆስፒታል ባሪያ መሆን አይደለም። እስከዚያው ግን በስውር ተዘጋጂ። የሥራ ልምድ ወረቀትሽን አሁን አስወጪ፤ ስትለቂ ከጠየቅሽ ይጎትቱሻል። የሙያ ፈቃድሽ የሚታደስበትን ቀን እዪ፣ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ጎድሎሽ ከሆነ ሙዪ። የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ የአንድ ወር ነውና በንዴት ዛሬ ጽፌ ነገ እቀራለሁ እንዳትዪ፤ ክሊራንስ ላይ ያንገላቱሻል።

ጓደኞችሽ የሚያጠኑት ፕሮሜትሪክ የሚባለው የዓረብ አገር የሙያ ፈቃድ ፈተና እንደሆነ እገምታለሁ። ማጥናቱ አይጎዳም። ዳታፍሎው በሚባለው ማስረጃ አጣሪ ድርጅት በኩል የትምህርትና የሥራ ማስረጃ ተጣርቶ እስኪመጣ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ከመጀመርሽ በፊት እዚያ ያሉ ሁለት ነርሶችን ደውለሽ ጠይቂ፤ ስለ ደመወዙ ራሳቸው ይነግሩሻል፣ አንቺ ግን አለቃ ሲቆጣ እንዴት እንደሚቆጣ ጠይቂያቸው። የግል ሆስፒታል ልትገቢ ብታስቢም እንዲሁ። ሌሊት ስንት ሆነው እንደሚያድሩ ጠይቂ። ደመወዙ ከፍ ብሎ አለቃው ያው ሊሆን ይችላል።

ባለቤትሽ ዝም በይ ማለቱ ፈርቶ ነው። በደረቁ «እታገላለሁ» ስትዪው እንጀራችሁ ሲቋረጥ ነው የሚታየው። የምታስገቢውን ደብዳቤ አሳዪው። አንድ ገጽ ወረቀት ስለ ተረኛ ፕሮግራም መሆኑን ሲያይ ልቡ መለስ ይላል።

ደብዳቤውን መጻፍ ከከበደሽ ረቂቁን ላኪልኝ። ቅጽል ቅጽሉን አውጥቼ እመልስልሻለሁ።